ስለ መስክ ጥናት ንድፍ፤ የትሮብሪያንድ ደሴቶች ምሳሌ

የነገርን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ የሰውን ኑሮና የኑሮውን ትርጉም ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ንድፍ ማለት የጥያቄ ዝርዝር ማዘጋጀት ይመስለዋል። ንድፍ ግን ከዚህ የሚቀድም ነገር ነው፤ ይኸውም የማንን ቃል እንደ ማስረጃ እንደሚቀበልና ምንን እንደ ቁም ነገር እንደሚቆጥር መወሰን ነው። ይህን ለመረዳት በዚህ ትምህርት እጅግ ስመ ጥር ከሆኑት መጻሕፍት አንዱን መመርመር ይበቃል።

ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ ከ1915 እስከ 1918 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባለው ጊዜ ውስጥ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ሁለት ጊዜ ተቀምጦ የአገሩን ቋንቋ ከተማረ በኋላ፣ «የምዕራብ ፓስፊክ አርጎናውቶች» የተባለውን መጽሐፍ በ1922 አሳተመ። በመግቢያው ላይ የደነገገው ሥርዐት ዛሬም ይጠቅማል፤ የማኅበሩን አቋም በሠንጠረዥ ማስፈር፣ የዕለት ኑሮን በማስታወሻ መያዝ፣ የሰዎቹንም ንግግር በገዛ ቋንቋቸው መመዝገብ ነው። ቀይ የዛጎል ሐብልና ነጭ የዛጎል አምባር በተቃራኒ አቅጣጫ ከደሴት ወደ ደሴት የሚዘዋወሩበትን የኩላ ልውውጥ በዚህ ዘዴ ግሩም አድርጎ ገልጦታል።

ይሁን እንጂ ሥርዐቱ የተሟላ ሆኖ ሳለ ማስረጃው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ሀብት የተባለው በይበልጥ በወንዶች ልውውጥ ስለ ተመዘነ፣ ለሴቶች ሀብት ተመጣጣኝ ስፍራ አልተሰጠም።

አሜሪካዊቷ አኔት ዋይነር በ1971 ወደዚያው ስትሄድ ዕቅዷ ወንዶች የሚቀርጹትን የእንጨት ሥራ ማጥናት ነበር። ገና እንደ ደረሰች ግን ሴቶች ወደ አንድ የሙታን መታሰቢያ ሥርዐት ወሰዷት፤ በዚያም እጅግ ብዙ የደረቀ የሙዝ ቅጠል እስር ሲያከፋፍሉ አየች። በ1976 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፣ ይህ ቅጠል የሴቶች ሀብት ነው፤ በእናት የሚቆጠረው ዘር ሟቹን በሕይወቱ ሳለ ለረዱት ሰዎች ውለታ የሚመልሰው በእርሱ ነው። ባልም ለሚስቱ ቅጠሉን ለማግኘት የገዛ ንብረቱን ያወጣል። እንግዲህ የሴቶቹን ሀብት የተወ አጥኚ የወንዶቹንም ሀብት በሙሉ አላወቀም ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሴትን ሴት ታጥና» የሚል ደንብ ማውጣት ነገሩን ማሳነስ ይሆናል፤ ዋይነር ራሷ ሴት ሆና ሳለ የነደፈችው ስለ ወንዶች ሥራ ነበርና። የሚመሰገነው ንድፏን ባየችው ነገር ማረሟ ነው። ንድፍ የሌለው ጥናት ወሬ መልቀም ይሆናል፤ የማይታረም ንድፍም ተማሪው አስቀድሞ ያሰበውን መልሶ ከመስማት አያልፍም።

በአገራችን ስለ ተዝካር ሊያጠና የሚወጣ ተማሪ ካህኑንና ደጋሹን ብቻ ጠይቆ ቢመለስ፣ የጸሎቱንና የወጪውን ነገር ያገኝ ይሆናል፤ እህሉን የለካችው፣ ጠላውን የጠመቀችው፣ ማን ምን ይዞ እንደ መጣም በልቧ የያዘችው ሴት የምታውቀው ግን ይቀርበታል። ስለዚህ መምህራን የተማሪን ንድፍ ሲመረምሩ የጥያቄዎቹን አጻጻፍ ብቻ አይተው ማለፍ አይገባቸውም፤ ያልተጠየቀው ማን እንደ ሆነና ንድፉ በምን ምክንያት ሊለወጥ እንደሚችል ተማሪው በጽሑፍ እንዲገልጥ ሊያስገድዱት ይገባል።