ስለ ኤሌክትሪክ ከበሮ የድምፅ ጠባይ የቀረበ ሒስ

በሸዋ ሮቢትና በቆላው ይፋት ሰርግ በተደገሰ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። ሽማግሌዎች «የኤሌክትሪክ ከበሮ ነፍስ የለውም» ይላሉ፤ ወጣቶች ግን ያለ እርሱ አይጨፍሩም። እኛም ከመፍረዳችን በፊት ድምፁን ራሱን መመርመር ይገባል ብለን፥ የደብረ ብርሃን ተወላጅ የሆኑት አቶ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካን አገር የቀረፁትን ካሴት ደግመን አደመጥን። ሥራው በ2013 እንደ ገና ታትሞ ለዓለም ተዳርሷል።

አቶ ኃይሉ አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ራሱ ከሚመታ የከበሮ መኪና ጋር አዋሕደዋል። ከቀድሞዎቹ የከበሮ መኪናዎች አንዱ፥ ከ1980 እስከ 1983 የተሠራው ሮላንድ ቲ.አር. 808፥ በውስጡ ተቀርፆ የተቀመጠ የከበሮ ድምፅ የለውም። አጭር የኤሌክትሪክ ግፊት ሰርኪዩቱን እንደ ደወል ይመታዋል፤ እርሱም ነዝሮ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ሠሪዎቹ ከበሮን ሊያስመስሉበት ቢያስቡም፥ የወጣው ድምፅ የራሱ የሆነ ወፍራምና ረጅም ድምፅ ነው። የጥንቱ ሲንተሳይዘርም ሙቀት ሲለዋወጥ ቅኝቱ ይዛነፋል። የእኛም ከበሮ ቆዳው በፀሐይ ሲሞቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ሮቢት ሙቀት የወረደ ከበሮ መቺ ይህን አይስተውም።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ከበሮ ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ አለው፤ መቺው ዘፋኙ ሲያዘግም ያዘግማል፥ ጭብጨባው ሲግል ይፈጥናል። መኪናው ግን ሌላውን አይሰማም። በካሴቱ ውስጥ ምቱ አንዳንድ ጊዜ የሚያሰለቸው ስለዚህ ነው። የሚያድነው አኮርዲዮኑ ነው፤ ወናፉ እንደ ሰው ትንፋሽ እየሳበና እየለቀቀ ዜማውን ከምቱ ጥቂት ያስቀረዋል፥ ጥቂትም ያስቀድመዋል።

ዛሬ በየሰርጉ የሚሰማው ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። ተቀርፆ የተከማቸውን ምት መልሶ ያሰማል እንጂ ራሱ ድምፅ አይወልድም፤ ለብርድም ለሙቀትም አንድ ነው። በዚህ ላይ አጠገቡ የሚተነፍስ መሣሪያ ካልተጨመረ፥ የሽማግሌዎቹ ነቀፋ እውነት ነው። እኛ የምንነቅፈው ግን ኤሌክትሪኩን አይደለም፤ አድማጭ የሌለውን ምት ነው።

ስለዚህ ኪቦርድ የሚያቆሙ ሁሉ ከበሮ መቺውን ከአጠገቡ እንዳያስነሡት እንመክራለን። የይፋት ተማሪዎችም አሮጌዎቹ እጆች ሳያልፉ የከበሮውንና የድቤውን አመታት እየዞሩ እንዲቀርፁ አደራ እንላለን። መኪናው ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ መቺው ሲያልፍ ግን አመታቱም አብሮት ያልፋል።