«ህሪድያ» የሚለው ቃልና የወጥ ቤት ቅመም፤ ስለ አዩርቬዳ የልብ ሕክምና የቀረበ ትችት

በሕንድ አገር የተወለደውን የአዩርቬዳን ሕክምና ለሕዝብ ለማስተዋወቅ የሚጻፉት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አላቸው። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ በየተራ ይጠሩና እያንዳንዱ ልብን ይጠብቃል፣ የደም ቅባትን ይቀንሳል ይባላል፤ መጨረሻም ይህን የጥንት የሕንድ ሊቃውንት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ዐውቀውት ነበር ተብሎ ይደመደማል። ቅመሙ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ወደ ኋላ እንደርስበታለን። አስቀድሞ ግን መመርመር የሚገባው ይህ መደምደሚያ ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው የሚያምነው ስለ ቅመሙ ማስረጃ አይቶ ሳይሆን የመጽሐፉን ሽምግልና አክብሮ ስለ ሆነ ነው።

ከአዩርቬዳ መሠረታውያን መጻሕፍት አንዱ የሆነው ቻራካ ሳምሂታ በመጀመሪያው ክፍል በ4ኛው ምዕራፍ መድኃኒቶችን በ50 ምድብ ይከፍላል፤ በያንዳንዱም ምድብ ዐሥር ዐሥር ዕፀዋት ይዘረዝራል። ከነዚህ አንዱ ምድብ «ህሪድያ» ይባላል። ቃሉ «ህሪዳያ» ማለትም ልብ ከሚለው የወጣ ሲሆን ተርጓሚዎች «ለልብ የሚስማማ» ይሉታል። እንግዲህ የተወደሱት ቅመሞች ሊገኙ የሚገባው እዚህ ነበር። ዳሩ ግን ዝርዝሩን ስንመለከት የምናገኘው ማንጎ፣ ሮማን፣ ትርንጎ፣ ሁለት ዓይነት የቁርቁራ ዘመድ፣ አንድ የአጋም ዘመድ ነው፤ የቀሩትም እንዲሁ ኮምጣጣ ናቸው። እርድ የለም፤ ዝንጅብል የለም፤ ነጭ ሽንኩርት የለም፤ ቁንዶ በርበሬም የለም። እርድ የተመደበው የቆዳ በሽታን ከሚያድኑት፣ መርዝን ከሚያረክሱትና ውፍረትን ከሚፍቁት ጋር ነው። ይህ የመጨረሻው ለተከራካሪዎቻችን ጥቂት ተስፋ ይሰጥ ይሆናል፤ ነገር ግን የሰውነትን ውፍረት መፋቅ ሌላ፣ የደም ሥርን ቅባት መቀነስ ሌላ ነው።

ለመሆኑ ኮምጣጣ ፍሬ ለልብ የተሰጠው ስለ ምን ነው? መልሱ በዚያው ክፍል በ26ኛው ምዕራፍ ስለ ስድስቱ ጣዕሞች በተጻፈው ውስጥ ይገኛል። ኮምጣጣ ጣዕም ምግብን ያጣፍጣል፣ የሆድን እሳት ያነሣሣል፣ አእምሮን ያነቃል፣ አፍን በምራቅ ይሞላል፣ ልብንም ያረካል ይላል። ከዚህ የምንረዳው ህሪድያ የተባለው ከሁሉ አስቀድሞ ልብ የሚወደው፣ ሰው ሳይጸየፍ የሚቀበለው ነገር መሆኑን ነው። ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ድካም የለበትም። «ልብ በል» ስንል ስለ ደም ሥር አንናገርም፤ «ልቤ አልወደደውም» ያለውንም ሰው ወደ ሐኪም አንልከውም። በነዚያ መጻሕፍትም ልብ የማስተዋል ማደሪያ ነው። ሱሽሩታ ልብን ወደ ታች በተደፋ የሎተስ እምቡጥ መስሎ፣ ሰው ሲነቃ ይከፈታል፣ ሲተኛ ይከደናል ይላል። ዊሊያም ሃርቬይ ስለ ደም መዘዋወር የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው)። ኮሌስትሮል ስሙን ያገኘው ደግሞ በ19ኛው ምእተ ዓመት ነው። ስለዚህ ቻራካ ስለ ደም ቅባት አስተምሯል ማለት ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ዝንጅብልን የመሰሉ ቅመሞች በልብ ሕመም ማዘዣዎች ውስጥ ከሌሎች ዕፀዋት ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ነገር ግን ቻራካ የልብን ሕመም በአምስት ይከፍለዋል፤ ከነፋስ የመጣ፣ ከሐሞት የመጣ፣ ከአክታ የመጣ፣ ከሦስቱም የመጣ፣ ከትል የመጣ። ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው አይስማማም፤ ከሐሞት ለመጣው የሚያቃጥል ቅመም መስጠት በመጽሐፉ ሥርዐት ስሕተት ይሆናል። ለሁሉ ሰው ልብ የሚበጅ ቅመም የሚባል ነገር የዘመናችን ፈጠራ ነው። እንዲያውም መጽሐፉ ከመጠን አልፈው እንዳይወሰዱ ከሚያስጠነቅቅባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ የጥምዝ ዘመድ የሆነው ፒፓሊ ነው፤ ይኸውም ከዝንጅብልና ከቁንዶ በርበሬ ጋር «ትሪካቱ» ተብሎ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ነው። ሌላው ጨው ነው። እዚህ ላይም አንቸኩል፤ ቻራካ ጨው ሲያበዙት ሰውነትን ያላላል፣ ጠጉርን ያሸብታል፣ ራስን ይመልጣል አለ እንጂ ስለ ደም ግፊት አላወቀም።

አሁን ወደ ቅመሙ እንመለስ። በ2007 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 192 ሰዎችን ለስድስት ወር ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ዱቄቱን፣ የቆየ ጭማቂውን ወይም መድኃኒትነት የሌለው ነገር እየሰጡ ቢከታተሉ ጎጂው ኮሌስትሮል በአንዱም አልቀነሰም። በ2022 በወጣው ሌላ ጥናት 190 ያህል ሰዎች ለ28 ቀን ተፈተኑ፤ ከተፈተኑት መካከል የነጭ ሽንኩርት፣ የቀረፋና የእርድ እንክብሎች ነበሩ። በጥቂት መጠን የተሰጠው ሮሱቫስታቲን ጎጂውን ኮሌስትሮል 38 ከመቶ ያህል ሲቀንስ፣ የቅመሞቹ ውጤት ከባዶው እንክብል የሚለይ አልሆነም። የ28 ቀን ፈተና አጭር ነው የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ ቢሆንም ሮሱቫስታቲን ያንኑ 28 ቀን ነበረው። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን የእርዱን ኩርኩሚን በደም ውስጥ እንደሚያበዛው በ1998 በባንጋሎር ታይቷል፤ በደም መገኘትና ልብን መጠበቅ ግን አንድ አይደለም።

በእንክብልና በወጥ መካከል ያለውንም ልዩነት መዘንጋት አይገባም። ወጡን አጣፍጦ ጨው የሚያስቀንስ ቅመም ለልብ ውለታ ይውላል። እኛ የምንቃወመው ሐኪም ያዘዘውን የኮሌስትሮል መድኃኒት አስትቶ በምትኩ የእርድ ዱቄት የሚያስይዘውን ስብከት ነው። የታመመው ሰው በመድኃኒቱ መቅረት ወዲያው ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህም ዱቄቱ የሠራለት ይመስለዋል።

ከሕንድ ባሕላዊ ሕክምና ለልብና ለደም ሥር ሐኪሞች የደረሰ ነገር የለም ማለታችን አይደለም። ራውዎልፊያ ሰርፐንቲና የተባለው ሥር ለእብደትና ለእንቅልፍ ማጣት ሲሰጥ የኖረ ነው። የቦምቤይ ሐኪም ሩስቶም ጃል ቫኪል በደም ግፊት ሕሙማን ላይ ፈትኖት ውጤቱን በ1949 በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት አወጣ፤ በ1952ም ሬዘርፒን ከሥሩ ተለይቶ ወጣ። ግፊትን ማውረዱም አንዳንዱን ሰው በከባድ ትካዜ መጣሉም የታወቀው በምርመራ ነው። ሥሩ የወጥ ቤት ቅመም እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ከተማሪዎቻችን ይህን ጥናት ሊገፋበት የሚወድ ቢኖር ከእርድ ይልቅ ከአርጁና ዛፍ ቅርፊት ቢጀምር ይሻለዋል፤ ቻክራፓኒዳታ በ11ኛው ምእተ ዓመት በወተት አፍልተው ለልብ ሕመምተኛ እንዲሰጡት ያዘዘው እርሱን ነውና።