በውሃ ስለሚበቅል ሰላጣ የሚሰጠው ፍርድ

ሰላጣን ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ ስለ ማብቀል የሚጻፉት የተማሪዎች ጥናቶች ብዙዎቹ አንድ መንገድ የሚከተሉ ናቸው። በአንደኛው ገንዳ ከማዕድን ጨው የተሰናዳ የምግብ ውሃ፣ በሁለተኛው ፍግ ወይም የዓሣ ትራፊ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደረጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጠሉ ይመዘናል፤ የማዕድኑ በልጦ ይገኛል፤ ጸሐፊውም ኦርጋኒኩ ደካማ ነው ብሎ ይደመድማል። ሚዛኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ፍርዱ ግን የተጣደፈ ነው።

የሰላጣ ሥር ናይትሮጅንን በብዛት የሚወስደው ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሆኖ ሲያገኘው ነው። ሆግላንድና አርኖን የተባሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት መመሪያ የታወቀው ውሃ በሊትር 210 ሚሊ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል፤ ይኸውም ሁሉም ወይም አብዛኛው ናይትሬት ነው። በኦርጋኒኩ ውሃ ግን ብዙው ናይትሮጅን ገና በፕሮቲን ውስጥ እንደ ታሰረ ነው። በአፈር ውስጥ ይህን የሚፈቱት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ወደ አሞኒየም፣ ሌሎቹም አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነርሱ ባልተራቡበት ገንዳ ሁለቱን ማወዳደር የተጋገረ እንጀራን ካልተፈጨ ጤፍ ጋር ለእንግዳ እንደ ማቅረብ ነው።

ከዚህም በላይ የሚበሰብሰው ነገር በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚሻማ ሥሩ ይታፈናል። እንግዲህ ሰላጣው የቀጨጨው ከረኀብ ነው ወይስ ከመታፈን? ናይትሬቱንና ኦክሲጅኑን ያልለካ ጥናት ይህን ሊመልስ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራቸውን ያሳተሙ የጃፓን ተመራማሪዎች ግን ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ባክቴሪያዎቹን በውሃው ውስጥ አስቀድመው አራቡ፤ አየር እየነፉ ኦርጋኒኩን ጥቂት በጥቂት ጨመሩ፤ ናይትሬቱ ከወጣ በኋላ አትክልቱን ተከሉ።

ኦርጋኒኩን የሚያወድሱትም ቢሆኑ ከነቀፌታ አያመልጡም። ናይትሬት ከፍግ ይምጣ ከከረጢት፣ ሥሩ አይለየውም። ስለዚህ «ከተፈጥሮ የመጣ ነው» ማለት ብቻውን ቅጠሉ ለመብልነት የተሻለ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ቅጠሉም መመርመር አለበት።

ወደ ፊት የሚያጠና ተማሪ በሁለቱም ገንዳ ለሥሩ የደረሰውን ናይትሮጅን፣ ኦክሲጅንና የውሃውን አሲድነት በየጊዜው ለክቶ ይጻፍ። አትክልተኛው ድምዳሜውን አምኖ ፍጉን ይጥላል፣ ገንዘቡንም ለጨው ያወጣልና፣ ፍርዱ ከምስክሩ አይቅደም።