ገመዱ በማን እጅ ነው?

የዓለም የሥራ አመራር እየተመሳሰለ ነው ወይስ እያንዳንዱ ሕዝብ በየባህሉ ይቀጥላል? ክርክሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ክላርክ ከርና ባልደረቦቹ በ1960 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ኢንዱስትሪ የገባባቸው አገሮች ውለው አድረው ይቀራረባሉ አሉ። ሆላንዳዊው ኸርት ሆፍስቴደ ደግሞ በ1980፣ በብዙ አገር ያሉ የአይ ቢ ኤም ሠራተኞችን መልስ መርምሮ፣ አለቃን መፍራት እንኳ ከአገር አገር ይለያል ሲል ተከራከረ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተዋል።

በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ከተማ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሠራተኛውና አለቃው እንደ አይጥና ድመት ሲተያዩበት ኖሮ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት፣ አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች እነዚያው የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ግን ስሕተት ያየ ሠራተኛ ሁሉ ገመድ ስቦ ሥራውን ማስቆም ይችል ነበር። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንዲሉ፣ ሠራተኛውም ወዲያው አላመነም። ኩባንያው ግን በ1988 ገበያ ሲቀዘቅዝ በውሉ መሠረት ማንንም አላባረረም። የመኪናው ጥራትም ከጃፓኑ ጋር ተቀራረበ።

ታዲያ ከር ረታ? አልረታም። ጄኔራል ሞተርስ ያንኑ ዘዴ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ቫን ናይስ ወደሚገኘው ፋብሪካው ቢወስደው ሳይሳካ ቀረ፤ ፋብሪካውም በ1992 ተዘጋ። አገሩ አንድ፣ ባህሉ አንድ፤ ሆፍስቴደም መልስ የለውም። ዘዴው ተቀዳ፤ መተማመኑ ግን አልተቀዳም።

አገራችንም ካይዘንን ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ በ30 ያህል ድርጅቶች ሞክራ፣ በ2011 ኢንስቲትዩት አቋቁማለታለች። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት መልካም ነው። ነገር ግን ተራው ሠራተኛ «አለቃዬ፣ ይህ ተሳስቷል» ለማለት ከፈራ፣ ከጃፓን ጋር የተመሳሰለው ወለሉ ብቻ ነው።

እኔ ዛሬ ታክሲ የምነዳው በስልክ ፕሮግራም እየታዘዝኩ ነው፤ የአዲስ አበባው ሾፌር ወንድሜም እንዲሁ። እዚህ ላይ በእርግጥ ተመሳስለናል! ስሳሳት ያስቆመኛል፤ እሱ ሲሳሳት ግን የምስበው ገመድ የለኝም።

እናም አንባቢ ሆይ፣ አሠሪዎ አዲስ የአመራር ዘዴ አመጣሁ ሲልዎት ከየት አገር እንደመጣ አይጠይቁት። ገመዱ በማን እጅ እንደሆነ ይጠይቁት።