ራስ ቅሉ ኦሞ፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ

ስለ ሰው ጭንቅላት ከተነሳ ደቡብ ኦሞ የሚኮራበት አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ ላይ ከተገኙት ቅሪቶች አንዱ ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እዚያው አካባቢ፣ ገዘር ላይ ልጁን የሚጥል በሽታ የያዘበት አባት ግን የነርቭ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ ሊገደድ ይችላል።

የነርቭ ሐኪሞቻችን ብዙ አይደሉም፤ ማህበራቸውን የማደንቀውም ለዚህ ነው። ጥቂት ሆነው ያክማሉ፣ ያስተምራሉ፣ ደግሞም ይመራመራሉ። መንገዱን የጠረጉት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት የተካሄደውን ጥናት መሩ፤ 60 ሺህ ያህል ሰው ተጠየቀ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ፦ ከሺህ ሰው አምስቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ሕሙማን ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። (ቢሮ ተቀምጦ ይህን ቁጥር ማግኘት አይቻልም።) ጓያ የሰበራቸውን ገበሬዎችም አጥንተዋል፤ በድርቅ ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊደርቅ ይችላል፣ ከደረቀም ተመልሶ አይድንም።

ቀድሞ የነርቭ ሕክምና ለመማር ባሕር መሻገር ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ራሱ ያሠለጥናል። የቀረው ርቀቱ ነው። ርቀቱም መፍትሔ አለው፦ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው፤ የሠለጠነ የጤና ባለሙያም ሕመምተኛውን በጤና ጣቢያ ሊከታተል ይችላል፣ ገዘርም ቢሆን።