150 በር ለአንድ ነጥብ

ሰሞኑን በር ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወርጄ ነበር። አዲስ መግዣ ስላጣሁ ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)፤ የድሮ የጥድ በር ጥራቱን ስለማውቅ ነው። ከፈረሰ ቤት የተነቀለ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ማጠፊያው ሳይቀር ያለ አንድ በር አገኘሁ። “ጋሼ፣ ይኼ አርባ ዓመት አገልግሏል፤ ሌላ አርባ ያገለግልዎታል” አለኝ ባለሱቁ። “አርባ መሆኑን በምን አወቅህ?” ብዬ ዋጋ ላስቀንስ ሞከርኩ። አልሆነም።

በሩን አሸክሜ ስመለስ የሰፈራችን ልጅ፣ አርክቴክት ነው፣ አየኝና ሳቀ። “አሜሪካ ቢሆኑ በዚህ በር ነጥብ ያገኙበት ነበር።” የምን ነጥብ? አልኩት። በዚያው ማታ ደንቡን ላከልኝ። ምነው ባልላከልኝ!

የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ሊድ የሚባል መመዘኛ አለው። ሕንፃው ነጥብ ይሰበስባል፤ 40 ሲሞላ የምስክር ወረቀት፣ 50 ብር፣ 60 ወርቅ፣ 80 ፕላቲኒየም። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ቅጂ አሮጌ በር፣ ጣውላ፣ ጡብ የመሰለ ዳግም ያገለገለ ዕቃ ከጠቅላላው የማቴሪያል ዋጋ 5 በመቶ ሲሆን 1 ነጥብ፣ 10 በመቶ ሲሆን 2 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ቀልጦ ወይም ተፈጭቶ እንደገና ለተመረተውም እንዲሁ 2 ነጥብ ነበረው፤ በ10 እና በ20 በመቶ።

እስቲ በእኛ ብር እናስላው። ግንባታው 100 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። ደንቡ 45 በመቶውን የማቴሪያል ዋጋ አድርጎ መውሰድ ይፈቅዳል፤ 45 ሚሊዮን። የዚህ 5 በመቶ 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ነው። አሮጌው በር የሚታሰበው በአዲሱ ዋጋ ነው (እውነት ለመናገር በዚህ በኩል ደንቡ ቀና ነው፤ በርካሽ የገዛውን አይጎዳም)። አዲሱ 15 ሺህ ብር ቢሆን 150 በር ያስፈልጋል ማለት ነው። 150 በር እየዞሩ መልቀም፣ መለካት፣ ማስተካከል፣ ለ1 ነጥብ! የብስክሌት ማቆሚያና ልብስ መቀየሪያ የሠራም 1 ነጥብ ይወስድ ነበር።

ወደ ብረት እንምጣ። ብረት ምንም ማስረጃ ባይቀርብለት እንኳ 25 በመቶው ከቁርጥራጭ እንደመጣ ይቆጠርለታል። ለዚያው ሕንፃ የ18 ሚሊዮን ብር ብረት የገዛ ሰው 4 ሚሊዮን ተኩሉ ተመዘገበለት፤ 10 በመቶ ሞላ፣ 1 ነጥብ። ሌላው መሐንዲስ ደግሞ ተጨንቆ ተጠቦ ብረቱን ወደ 12 ሚሊዮን ቢያወርደው? 3 ሚሊዮን ብቻ ይያዝለታል፤ 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። ባዶ! ብረት ያበዛው ተሸለመ፣ የቆጠበው ቀረ። እንዴት ያለ ሒሳብ ነው?

ደግሞስ ቁርጥራጭ ብረት ነጥብ ኖረ አልኖረ መች መሬት ላይ ያድራል? ገበያ አለው። ቁራሌው ሊድ የሚባል ነገር ሳይሰማ ነው በየበራችን ሲጮህ የኖረው። በር ግን እንደ ብረት አይቀለጥም። ሳይሰበር የሚነቅለው ሰው ካላገኘ ማገዶ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሰዎች በርና ቆርቆሮ እየነቀሉ ሲጭኑ አይቻለሁ፤ ሩጫው ከማሽኑ ጋር ነበር።

አሜሪካኖቹም ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት አራተኛው ቅጂ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው፣ ከሚቆጠረው ዕቃ የሕንፃው አጽምና ልባስ ድርሻ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገደቡ። ታሪካዊ ሕንፃ ሳያፈርስ ላደሰም እስከ 5 ነጥብ ሰጡ። መልካም ነው። የዕቃው መለኪያ ግን ያው የዋጋ መቶኛ ሆኖ ቀጠለ፤ እኔን የማይዋጥልኝም እሱ ነው። እኛም አንድ ቀን የራሳችንን መመዘኛ ስናወጣ ይኼንኑ እንዳንገለብጥ እፈራለሁ። ለእኛ ከተማ ቆጠራው መጀመር ያለበት ከሚፈርሰው ቤት ነው፤ ስንት በር፣ ስንት መስኮት፣ ስንት ጥርብ ድንጋይ በደህና ወጣ፣ የትስ ገባ? ይኼ ደግሞ በፍሬ እንጂ በብር አይቆጠርም።

አርክቴክቱን ይህን ብለው “ጋሼ፣ ማን ይቆጥረዋል?” አለኝ። የምናለሽ ተራው ባለሱቅ፣ አልኩት። የቀልዴን መስሎት ሳቀ።

በሩ አሁን ተገጥሟል። ከታች ሁለት ጣት ያህል አጥሮ ስለነበር አናጢው ቁራጭ ቀጠለበት። ቁራጩ አዲስ እንጨት ነው።