የስክሪን ቤተ ሙከራና የዴም ከርከዴ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ይኖሩበት ከነበረው ከዴም ጭምር ነዋሪው ተበተነ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርታቸውን በኢንተርኔት ለመቀጠል ተገደዱ። ቤተ ሙከራውስ?

ለዚህ ጥያቄ በየአገሩ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ካርል ዊማን የመሠረተው «ፌት» ነው። በነፃ የሚገኝ፣ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በሽቦ ብቻ ብናገናኝ በስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። ጣት ግን አይፈጅም። ሽቦውም አይዝግም፣ ማያያዣውም አይላላም። ታዲያ ተማሪው «ለምን እምቢ አለኝ?» ብሎ የሚጨነቀው በምኑ ነው? ነቀፌታችን ይኸው ነው።

በሱዳን ማጀት የተለመደውን ከርከዴ እንውሰድ። የቀዘቀዘውን በሁለት ብርጭቆ ከፍለን በአንዱ ሎሚ ብንጨምቅ ቅላቱ ይደምቃል፤ በሌላው ቤኪንግ ሶዳ ብንነሰንስ (ይገነፍላልና በጥቂት በጥቂቱ!) ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። አሲድና ቤዝን የሚለየው አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም ነው። ካይሮ የደረሰው ተማሪ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ጎንደር ያለችው ጓደኛው አራት ብለው ቢጽፉ፣ የማን ማንኪያ ሰፋ? የማን ከርከዴ ወፈረ? ክርክሩ ያን ጊዜ ይጀመራል። ፌትን ከዚያ በኋላ ቢከፍቱት አንቃወምም።